የበቅሎ መንገድ

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ የሚኖር አበሻ ከመኪና ጋር ያለው ዝምድና የሥጋ ዝምድና ነው። ግማሻችን ታክሲ እንነዳለን፣ ግማሻችን በየሕንፃው ምድር ቤት የሰው መኪና እናቆማለን፣ የቀረነው ቤልትዌይ በሚባለው ቀለበት መንገድ ላይ ተገትረን የሁለቱን ወሬ በስልክ እንሰማለን። ክርስትና ቤት ስንገናኝ እንኳ ከ"እንደምን ሰነበታችሁ" ቀድሞ የሚመጣው "በየት በኩል መጣችሁ?" ነው። በ270 አውራ ጎዳና የመጣው በ66 ለመጣው ያዝንለታል፤ የ66ቱ ደግሞ "ኧረ እኔስ ደህና ነበርኩ፣ ድልድዩ ላይ ነው ጉድ የሆንኩት" ይላል። ስለ ፓርኪንግ ቅጣት የሚያወራ ሰው አንዴ መድረኩን ከያዘ፣ ቡናው ከአቦል ተነሥቶ በረካ እስኪደርስ አይለቅም።

በእንዲህ ያለ ማኅበረሰብ መሀል ሳይክል ይዞ ብቅ የሚል ጎልማሳ ወዲያው ይመረመራል። ውጤቱ ከሦስት አያልፍም፤ ወይ መንጃ ፈቃዱን ተነጥቋል፣ ወይ ሐኪም በስኳር አስፈራርቶታል፣ ወይ ኢንሹራንሱ ሰማይ ነክቶበታል። ደግነቱ ሁሉም በየፊናው ሊረዳ ይፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንዲት እናት ጠጋ ብለው "ልጄ፣ መኪና ቸግሮህ ከሆነ ልጄ ያቆማት ቶዮታ አለች፤ ትንሽ ዘይት ትጠጣለች እንጂ ደህና ናት" ብለውኛል። የገዛ እናቴም ወሬው ባሕር ዳር ድረስ ደርሷት ደወለች። ባሕር ዳር እንግዲህ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ነጠላ ያጣፋችው ወይዘሮ ሳትቀር ሳይክል የምትነዳባት ከተማ ናት፤ እኔም በግማሽ ሰዓት ኪራይ፣ ፍሬን በሌለው ሳይክል የተማርኩት እዚያው ነው። "እዚህ ያለውን ሳይክል እዚያ ልትነዳ ነው ያን ሁሉ ባሕር የተሻገርከው?" አለችኝ። መልሱ ትንሽ ይረዝማል፤ 297 ኪሎ ሜትር ገደማ።

መንገዱ የሚነሣው ከጆርጅታውን ነው። ሮክ ክሪክ የሚባለው ጅረት ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ በሚገባበት፣ ከጀልባ ማከራያው ጀርባ፣ የዜሮ ማይል ምልክት አለ። ከዚያ ተነሥቶ ፖቶማክን በግራ፣ ሰው የቆፈረውን ቦይ በቀኝ ይዞ የሜሪላንድን ዳርቻ ሽቅብ ይከተላል፤ 184.5 ማይል ሄዶ ከምበርላንድ በምትባል የተራራ ከተማ ያበቃል። ቦዩ ሙሉ ስሙ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ነው፤ ያገሬው ሰው ሲ ኤንድ ኦ ካናል ይለዋል። አልፎ አልፎ አስፋልት ከማቋረጥ በቀር መኪና የሚባል ነገር ዝር አይልበትም።

"ሽቅብ" ስል ለወጉ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወጣው ከፍታ በጠቅላላው 605 ጫማ፣ ማለትም 184 ሜትር ነው። ከፒያሳ እንጦጦ ማርያም የሚሄድ ሰው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከዚህ እጥፍ በላይ ይወጣል። የቦዩን ከፍታ ያስተካከሉት 74 ሎኮች ናቸው። ሎክ ግራና ቀኙ በድንጋይ የተገነባ፣ ፊትና ኋላው በእንጨት መዝጊያ የሚዘጋ የውሃ ክፍል ነው። ጀልባዋ ትገባለች፣ ከኋላዋ ይዘጋል፣ ውሃ ይለቀቃል፣ ከነጭነቷ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ትላለች፣ የፊቱ ይከፈትና መንገዷን ትቀጥላለች። ከዚያ እስከሚቀጥለው ሎክ ውሃው የተኛ ነው፤ ውሃው ከተኛ ደግሞ አጠገቡ ያለው መንገድም ይተኛል። ሳይክል ነጂ ዳገት የሚያገኘው ሎክ ጎን ብቻ ነው፤ እሱም ጠንከር አድርገው ፔዳሉን ቢረግጡት ሳይጀምር የሚያልቅ ነው።

ብቻዬን እየሄድኩ ብዙ ጊዜ ከቆየሁ በኋላ አንድ ጓደኛዬን አሳመንኩት። ታክሲ ነጂ ነው። ዕድሜውን ወንበር ላይ ያሳለፈ፣ ከተማዋን በቀይ መብራቶቿ ብዛት የሚያውቃት ሰው ነው። ሳይክል ስናስተካክል፣ ደንቡን ነገርኩት፤ ፍጥነት በሰዓት ከ15 ማይል አይበልጥም፣ እግረኛ ስታልፍ ደወል ትደውላለህ፣ ድልድይ ሆነው ውሃ በሚያሻግሩት ግንቦች ላይ ወርደህ ትገፋለህ።

"ካሜራ አለው?" አለኝ መጀመሪያ።

"የለውም።"

"ታዲያ ማን ይቀጣል?"

"ማንም።"

ነገሩ አላማረውም። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ "ለመሆኑ የት ነው የምንደርሰው?" አለ።

"የትም። እስኪበቃን ሄደን እንመለሳለን።"

"ለመመለስ ከሆነ ምን አስኬደን?"

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሜትር እየቆጠረለት የኖረ ሰው፣ ተሳፋሪም መድረሻም የሌለው ጉዞ ሲያጋጥመው መሪውን የት እንደሚያዞር ይጠፋዋል። ለመጀመሪያው ሰዓት ወደ ኋላ እየዞረ የሚከተለውን መኪና ሲፈልግ አየሁት። የሚከተለን ዝይ ነበር። የካናዳ ዝይ ጫጩት ስትይዝ አንገቷን አሹላ መንገዱን ትዘጋለች፤ ደወል አይገባትም፣ ጥሩምባ አይገባትም። ጓደኛዬ ከልማዱ "ኧረ እለፊ እናት!" ብሎ እጁን አወናጨፈ። አላለፈችም። እስክታልፍ ቆመን ጠበቅናት፤ በዚያ ቀን የገጠመን የትራፊክ መጨናነቅ ይኸው ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ሜዳ የደለደሉት ግን ለእኔና ለጓደኛዬ ብለው አይደለም። ለበቅሎ ነው። ጀልባዎቹ ከከምበርላንድ እስከ 120 ቶን የድንጋይ ከሰል ይጫኑ ነበር፤ የሚጎትቷቸው በዚህ መንገድ ላይ የሚራመዱ በቅሎዎች ነበሩ፣ በረጅም ገመድ። በእኛ አገር በቅሎ የጌታ ናት፤ ተሸልማ ትጫናለች፣ መንገድ ይለቀቅላታል። እዚህ የቀን ሠራተኛ ነበረች። ቢሆንም መብቷ አልተነካም፤ ስድስት ሰዓት ያህል ጎትታ ፈረቃዋን ስትጨርስ በጀልባዋ የፊት ጫፍ በተሠራው ጋጣ ገብታ ድርቆሿን እየበላች ትሄዳለች፣ ጓደኞቿ ይጎትቷታል። "እኔ ስደክም ታክሲዋ ላይ ጭኖኝ የሚሄድ ማን አለ?" አለ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው። የጀልባው ባለቤት ሚስትና ልጆቹን ይዞ እዚያው ይኖራል፤ ሚስት ታበስላለች፣ መሪም ትይዛለች፣ ከፍ ያሉት ልጆች በቅሎዎቹን ይነዳሉ፣ ሕፃናቱ ውሃ ውስጥ እንዳይወድቁ ጀልባዋ ላይ ይታሰራሉ። ሎክ ሲቃረብ ጥሩምባ ይነፋል፤ የሎኩ ጠባቂ ሌሊትም ይሁን ቀን ከአልጋው ወርዶ ይከፍታል። የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 4 ማይል ነበር። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች ይላል ያገራችን ሰው፤ እዚህ ግን ገመዱ ከተበጠሰ የሚያጥረው የባለ ጀልባው ገቢ ነው።

የቦዩ ታሪክ ሲጀመር የነበረውን ድግስ ላየ በበቅሎ እርምጃ የሚቀር አይመስልም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1828፣ በነጻነት በዓሉ ዕለት፣ ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የመጀመሪያውን አፈር ሊቆፍሩ አካፋ ይዘው ተገኙ። ዕቅዱ የፖቶማክን ሸለቆ ተከትሎ ተራራውን አቋርጦ ከኦሃዮ ወንዝ ጋር መገናኘት ነው፤ የምዕራቡ ንግድ ሁሉ ወደ ዋሽንግተን ሊፈስ ነው። አካፋው ከዛፍ ሥር ጋር ተጋጨ። ፕሬዚዳንቱ ደጋግመው ሞከሩ፣ ሥሩ እምቢ አለ፤ በመጨረሻ ኮታቸውን አውልቀው ሲገቡበት ሕዝቡ በጭብጨባ አናወጠው። በዚያው ዕለት፣ ጥቂት ሰዓት በሚያስኬድ ርቀት ባልቲሞር ላይ፣ ከነጻነት አዋጁ ፈራሚዎች በሕይወት የቀሩት ብቸኛው ሰው፣ የ90 ዓመቱ አዛውንት ቻርልስ ካሮል የባቡር ሐዲድ የመሠረት ድንጋይ እያኖሩ ነበር። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ነበር የሚሮጡት። ባቡሩ ከምበርላንድ የገባው በ1842 ነው። ቦዩ በ1850 ደረሰ። ስምንት ዓመት ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ ደግሞ ድግሱን አያገኝም፤ ኦሃዮም ስሙ ላይ ብቻ ቀረች።

ይህን የነገርኩት አንድ ሎክ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለን ነው። ጓደኛዬ ብዙ ዝም አለና "እኔም ታክሲዋን የገዛሁት መኪና መጥሪያው አፕ የመጣ ሰሞን ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ቦዩን በሌላ ዓይን ያየው ጀመር። የደረቀው ቦታ ላይ፣ ዛፍ በቅሎበት ሲያይ፣ "አይ ወንድሜ" ይላል። ውሃ ባለበት ደግሞ የወደቀ ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ የሚሞቁትን ኤሊዎች እያሳየኝ "እነዚህስ ማንን ነው የሚጠብቁት?" ይላል። ሳይክሉ ሲቀርብ ከትልቁ ጀምሮ በተራ ጥልቅ እያሉ ውሃ ውስጥ ይገባሉ፤ ትንሿ ግን ትቀራለች፣ አንገቷን አውጥታ ታየናለች።

ስንቅን በተመለከተ ከአሜሪካኖቹ ጋር አንስማማም። እነሱ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ካርቶን ካርቶን የሚል ጣፋጭ ያኝካሉ። የእኛ በሶ ነው። በሶ የሠራዊት ስንቅ ነበር፤ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ማብሰያ አይጠይቅም። በየጥቂት ማይሉ ድንኳን መትከያ ነጻ ቦታ አለ፤ ጠረጴዛ፣ እሳት ማንደጃና በእጅ የሚገፋ የውሃ ፓምፕ ያለው። ፓምፑን መጀመሪያ ሲገፉት ያቃስታል፣ ከዚያ አየር ያስነጥሳል፣ ክንድ ሲዝል ቀዝቃዛ ውሃ ዱብ ዱብ ይላል። ለጤና ተብሎ አዮዲን ስለሚጨመርበት የክሊኒክ ጠረን አለው። ጓደኛዬ አንዴ ጎንጨት አድርጎ "ይኼማ ቁስል ላይ ነው የሚደረገው" አለ። በሶው ሲገባበት ግን ጠረኑ ተሸነፈ። አንዲት በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊት ሳይክል ነጂ ጭብጦ ስንጨብጥ አይተው ምንነቱን ጠየቁን፤ ቀምሰው በጣም ጥሩ ነው አሉ፤ ሁለተኛ ስንሰጣቸው ግን ጠገብኩ አሉ።

ዝናብ ከመጣ ነገር ይበላሻል። የመንገዱ ብዙ ክፍል አፈርና ጠጠር ነው፤ ጥሩ ዝናብ ካገኘ ጭቃ ይሆናል፣ የዛፍ ሥሩም እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ፓራፋንጎ የሌለው ሳይክል የነዳ ሰው ከወገቡ እስከ ማጅራቱ ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር ይዞ ይገባል። እዚህ መንገድ ላይ ባለ ፓራፋንጎና አልባው የሚተዋወቁት በጀርባቸው ነው።

ከሁሉም ግን ጓደኛዬን ያሸነፈው ፖ ፖ የሚባለው ዋሻ ነው። ለእሱ ስንል ከዲሲ ሳይክላችንን ባቡር ላይ ጭነን ከምበርላንድ ወረድን፣ ከዚያ ወደ ቤት ቁልቁል ጀመርን። ባቡሩ የሄደው ያን ጊዜ ቦዩን በቀደመው መስመር ላይ ነው፤ ለአሸናፊው ከፍለን በተሸናፊው መመለሳችን ነበር። ዋሻው 3,118 ጫማ፣ 950 ሜትር ያህል ነው። በሁለት ዓመት ያልቃል ተብሎ በ1836 ተጀመረ፤ 14 ዓመት ፈጀ። በመካከሉ ገንዘብ አለቀ፣ ደመወዝ ቀረ፣ ሠራተኞች ተጣሉ። ውስጡ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጡብ ተደርድሮበታል። ከሳይክል ወርደን መብራት አብርተን ገባን። ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከጎኑ ጥቁር ውሃ፣ በመካከል የእንጨት አጥር። ጓደኛዬ መብራቱን ወደ አጥሩ ሲያስጠጋ እንጨቱ ላይ ጣት የሚያስገቡ ጭረቶች አየን፤ ገመድ ዓመት ከዓመት እየታሸ የቦረቦራቸው ናቸው። ጣቱን እያስገባ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው።

እዚያ ዋሻ ውስጥ ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን አይተላለፍም። እንደሚተረከው፣ አንድ ጊዜ ሁለት ጀልባዎች መሀል ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። "አንተ ተመለስ"፣ "የለም አንተ ተመለስ" ተባባሉ። ማንም ወደ ኋላ አልሄድም አለ። ቀን አለፈ፣ ሌላም ቀን፤ ከኋላ የሚመጡት ጀልባዎች ዋሻው አፍ ላይ ተሰለፉ። በመጨረሻ የቦዩ ኃላፊ እርጥብ የበቆሎ አገዳ አስከምሮ በዋሻው አንድ ጫፍ እሳት ለቀቀበትና ሁለቱንም በጭስ አስወጣቸው። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ሳቁ ዋሻውን ሞላው። "አየህ፣ መኪና አይደለም ጥፋተኛው፣ ሰው ነው!" አለ። ወዲያው ደግሞ እንደ ባለሙያ ፍርዱን ሰጠ፤ "የጫነው ነው ቅድሚያ ያለው። ባዶው መመለስ ነበረበት።"

ቦዩ ከሰል ሲያመላልስ ኖሮ በ1924 ጎርፍ መጣና ሥራውን አቆመ። ባለቤቱ ያኔ ያው ባላንጣው የባቡር ኩባንያ ነበር፤ አላደሰውም። በ1938 የፌዴራሉ መንግሥት በ2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፣ በሥራ ዘመቻ የተመለመሉ የጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶችም የጆርጅታውንን ወገን 22 ማይል ያህል ጠገኑት። ከዚያ የመኪና ዘመን መጣ። ቦዩን ተከትሎ የመኪና መንገድ ይሠራ የሚል ዕቅድ ወጣ፤ በ1954 ዋሽንግተን ፖስት በርዕሰ አንቀጹ ደገፈው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ግን ቅዳሜና እሁዳቸውን እዚያ የሚያሳልፉ እግረኛ ነበሩ። ለጋዜጣው ደብዳቤ ጽፈው አዘጋጆቹን "ኑ፣ አብረን እንሂድና እዩት" አሏቸው። መጡ። ከከምበርላንድ ተነሥተው ስምንት ቀን ሲሄዱ ብዙ ሰው እየተቀላቀለ እየተለየ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የዘለቁት ዳኛውን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ጋዜጣው አቋሙን አለዘበ፣ ዕቅዱም ቀረ፣ በ1971 ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ከጋዜጣው ጎን ቆመ። "መንገዱ ተሠርቶ ቢሆን እኮ ወደ ዲሲ ስንገባ ስንት ሰዓት ይቀንስልን ነበር!" አለ። እውነቱን ነው። እኔ ግን የቦዩ ክስረት ይጥመኛል። ያዋጣ ቢሆን ኖሮ ይሰፋ ነበር፣ ይጠለቅ ነበር፣ ዳሩ መጋዘን በመጋዘን ይሆን ነበር። ሲያተርፍ የኖረ ነገር ሁሉ በዚህ ከተማ ላዩ ላይ ሌላ የሚያተርፍ ነገር ተሠርቶበታል። ይህ መንገድ የተረፈው ቶሎ ስለተቀደመ ነው። ባቡርም ቢሆን ተራው አልቀረም። ከከምበርላንድ ወደ ፒትስበርግ የሚወስደው ሌላው የሳይክል ጎዳና፣ 150 ማይሉ በብዛት ባቡር በተወው ሐዲድ ላይ የተሠራ ነው፤ በ2013 ተጠናቀቀ። ቦዩ ያልደረሰበትን አገር ዛሬ ሳይክል ይደርስበታል። ይህን ስነግረው ጓደኛዬ ፊቱ በራ። "አፑስ? አፑን ማን ይቀድመዋል?" አለ። ሹፌር አልባው መኪና እየመጣለት መሆኑን ነገርኩት። በሕይወቴ እንዲህ በክፉ ዜና የተደሰተ ሰው አላየሁም።

እንግዲህ መሄድ ለሚያምረው ምክሬ አጭር ነው። ሙቀቱና ትንኙ ሳይመጣ በሚያዝያና በግንቦት፣ አለዚያም ቅጠሉ ሲቀላ በጥቅምት ውጡ። ጎማው ወፈር ያለ ሳይክል፣ መለወጫ የውስጥ ጎማ፣ ደወልና በሶ ያዙ። ለጀማሪ ፖቶማክ በድንጋይ መሀል እየተንኮታኮተ የሚወርድበት ግሬት ፎልስ ከጆርጅታውን 14 ማይል ገደማ ነው፤ በሄዱበት መመለስ ነው። በርታ ያለ ደግሞ ሃርፐርስ ፌሪ ፊት ለፊት ይደርሳል፤ ጆን ብራውን በ1859 ባርነትን ሊያጠፋ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን የያዘባት፣ ሼናንዶዋ ከፖቶማክ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ ወደ እሷ የሚወስደውን ድልድይ በእግር ይሻገሩታል። ለሚጠራጠር አበሻ አንድ የመጨረሻ ማስረጃ ልስጥ፤ ከጆርጅታውንና ከግሬት ፎልስ በቀር በአብዛኛው መግቢያ መኪና ማቆሚያው ነጻ ነው።

ከከምበርላንድ ስንመለስ የመጨረሻውን ማታ የጠባቂው አሮጌ ቤት ባለበት አንድ ሎክ አጠገብ ቆምን። ነጭ የተቀባች፣ ሁለት መስኮትና አንድ ጭስ ማውጫ ያላት የድንጋይ ቤት ናት። ጓደኛዬ ሳይክሉን አጋድሞ ዞራት፣ በመስኮቷ አጮለቀ፣ በረንዳ የሚሆነውን በእርምጃ ለካ። ፊቱ ላይ ሒሳብ ሲሠራ አየሁ።

"ይቺን ብንከራያት" አለ፣ "ቅዳሜና እሁድ ቡና እናፈላለን፣ ሳምቡሳ ይኖራል። ይህ ሁሉ ሳይክል ነጂ የት ይሄዳል? በሁለት ዓመት ወጪያችንን እንመልሳለን!"

"ፕሬዚዳንት አዳምስም የጀመሩት እንዲሁ ብለው ነው" አልኩት።